የደኅናው ጉልበቴ ሕመም

«የትኛው ጉልበትሽ ነው?»

ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ እግዜር ይቁጠረው። ጠያቂው ክፋት የለውም፤ አዝኖ ነው። እኔ ግን ዛሬም ስጠየቅ መልሱ ይጠፋኛል። አንዳንዴ ቀኙን እዳብሳለሁ፤ አንዳንዴ ግራውን። ሁለቱም እጄ ዕቃ የያዘ ዕለት ደግሞ «ተዉት፣ የድሮ ነገር ነው» ብዬ ወደ ሰማይ አያለሁ። ወደ ሰማይ የሚያይ ሰው ዝርዝር አይጠየቅም።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር፤ እናንተ ቅቤ ይዛችሁ ልታሹኝ አትመጡም። ሁለቱም ጉልበቶቼ ደኅና ናቸው። በየጾሙ በስግደት ፈትኛቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። ያውም በሬን ዘግቼ ነው የምሰግደው። ቤተ ክርስቲያን ብሰግድማ «እንዴት ታጠፈልሽ?» የሚል አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ ቅርጫት ኳስ የምጫወት ሴት ነበርኩ። ከይጁቤ ገጠር አክስቴ ቤት ላገለግል ሄጄ፣ ከሱቅ ስመለስ በአጥር ላይ አሻግሬ የኳስ ሜዳ የማይ ልጅ ነበርኩ። «በአጥር ላይ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ሌሎቹ ልጆች በቀዳዳ ነበር የሚያዩት። አንድ አሠልጣኝ ከአጥሩ በላይ የቆመ ጭንቅላት አየና «ግቢ» አለኝ። ፊደል ሳልቆጥር ኳስ ማንጠር ለመድኩ። ሀ ሁን የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር ነው። መምህሩ «ከኋላ ያላችሁ ሰሌዳው ይታያችኋል?» ሲሉ ልጆቹ «እሷ ትታየናለች» ብለው ይመልሱ ነበር።

ዘግይቶ የተማረ ሰው በጽሑፍ ነገር ቀልድ አያውቅም። የጨዋታውን ደንብ እንደ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ደግሜዋለሁ። የማነበው እየበዛ፣ የምናገረው እያነሰ ሄደ። በዚህ መሃል ክለቡ አሰናበተኝ። ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ድፍረት ካጣሁ ግን አልመጣበትም።

ተምሬ ተምሬ ዲግሪ ያዝኩና እዚህ አንድ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ሆኜ ለመቀጠር ቀረብኩ። ፈታኞቹ «እንዲህ ያለ ደመወዝና እንዲህ ያለ ቁመት እያለሽ ለምን አቆምሽ?» አሉኝ። «ተባረርኩ» ማለት ነበረብኝ። «ጉልበቴ» አልኩ። ከንፈር መጠጡልኝና ቀጠሩኝ።

ውሸት እንደ ደባል ናት። አንድ ቀን ላሳድርሽ ብለው ካስገቧት፣ ወር ሳይሞላ አልጋውን ትይዛለች። አከራዬ እትዬ ዓለምነሽ ከሉማሜ የመጡ፣ በወጌሻነታቸው የተመሰገኑ ሴት ናቸው። እኔ ዘንድ የተመሰገኑት ግን በጣታቸው ጥንካሬ ነው። በየሳምንቱ ቅቤ አቅልጠው ይመጣሉ።

«ዘርጊው ልጄ።»

«የትኛውን እትዬ?»

«የታመመውን ነዋ! ምን ትጠይቂኛለሽ?»

ያገኘሁትን እዘረጋለሁ። እሳቸው ሲያሹኝ እኔ ጣራ እያየሁ ንስሐ እገባለሁ። ደኅና ጉልበት እንዲያ ከታሸ ደኅና ሆኖ አይቆይም፤ ለሁለት ቀን ከልቤ አነክሳለሁ። እሳቸውም «አየሽ፣ ባላሽሽ ኖሮ ምን ልትሆኚ ነበር?» ይሉኛል። በቀሩት ቀናት ፋሻ ጠቅልዬ በማስታወስ አነክሳለሁ። ማነከስ ደግሞ ትኩረት ይጠይቃል። መጽሐፍ እያሰብኩ የሄድኩ ቀን እግሬ ይቀያየርብኛል።

አሁን ወደ ልጆቼ ልምጣ። አሥራ ሁለት ናቸው፤ ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ያደጉ፣ ሳንባቸው የማያልቅ ልጆች። ከሌላ ከተማ የሚመጡት ቡድኖች በደብረ ማርቆስ ብርድና ከፍታ ሲያለከልኩ የእኔዎቹ ገና ላብ አላላባቸውም። ችግራቸው አንድ ብቻ ነው፤ በሥርዓት ያደጉ ናቸው።

በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ አይቶ ዝም ብሎ ያለፈ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። «እኔን!» ይባላል፤ እኔ በወደቅኩልሽ ማለት ነው። ከዚያ ሮጦ ማንሣት ነው። ይህ በመንገድ ላይ የተቀደሰ ነገር ነው። ቅርጫት ኳስ ደግሞ ሰው በደቂቃ ሁለት ጊዜ የሚወድቅበት ጨዋታ ነው።

በመጀመሪያው ጨዋታችን ከእንግዳው ቡድን አንዷ ተደናቅፋ ወደቀች። አምስቱ ልጆቼ በአንድ አፍ «እኔን!» ብለው ተንጋጉ። አንዷ አቧራዋን ታራግፍላታለች፣ አንዷ የጫማዋን ማሰሪያ ታስርላታለች። ሌላዋ «የማን ልጅ ነሽ?» ትላታለች። በዚህ መሃል የልጅቱ ጓደኞች ኳሷን ይዘው እየተጨዋወቱ ሄደው አገቡ። በሁለተኛው ዙር የተነሣችው ልጅ ራሷ፣ ማሰሪያዋ በደንብ ስለታሰረላት፣ ፈጥና ሮጣ አገባችብን።

የቡድኑ አምበል የሺወርቅ ናት፤ ከአማኑኤል ከተማ የመጣች የቄስ ልጅ። ጠራኋት።

«የሺ፣ ኳሱ የት ነበር?»

«እጄ ላይ ነበር ኮች።»

«ከዚያስ?»

«አስቀመጥኩት።»

«የት?»

«መሬት ላይ ነዋ። በአንድ እጅ ሰው ይነሣል እንዴ?»

ደብተሬን አውጥቼ «መሬት ላይ» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩም ራሱን የቻለ መከራ ነበር። አሠልጣኝ ማለት ጯሂ ማለት ነው። የእኔ ድምፅ ግን ከተቀያሪዎች ወንበር አያልፍም። ስለዚህ በጨዋታ መሃል እረፍት ስጠይቅ የምፈልገውን እጽፍላቸዋለሁ። እረፍቱ አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ደግሞ አራት ነጥብ ያልተደረገበት ወረቀት ለሰው አልሰጥም። አንድ ጊዜ «ስድስት ቁጥሯን ለሁለት ያዟት፤ ምክንያቱም» የሚለው ላይ ስደርስ ዳኛው ፊሽካ ነፉ። ልጆቹ ምክንያቱን ሳያውቁ ገቡ። ከጨዋታው በኋላ ጨርሼ አነበብኩላቸው። ስድስት ቁጥሯ ምክንያቱን ቀድማ አሳይታን ነበር።

እንዲህ እያልን ያገኘነውን ሁሉ እያነሣን፣ ባነሣነው ሁሉ እየተሸነፍን ዓመቱ ሊያልቅ ደረሰ። የስፖርት ጉዳይ ኃላፊው አቶ ደምሴ ቢሯቸው ጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው «ጉልበትሽ እንዳይጨነቅ» ብለው አስቀመጡኝ።

«ኮች፣ አንድ ጨዋታ ነው የቀረሽ። እሱን ብቻ አሸንፊልኝ። ካልሆነ የሴቶች ቡድኑ ይታጠፋል። ሜዳውን ለመኪና ማቆሚያ የሚፈልጉት ሰዎች በሬን ሊሰብሩት ነው።»

ስለ ሜዳው እንኳ ባልተጨነቅኩ። ያስጨነቀችኝ የሺ ናት። ትምህርቱ ከብዷት ሻንጣዋን ሁለቴ አስራ ነበር። ሁለቴም የፈታችው ለኳሱ ብላ ነው። «ኮች፣ ኳሱ ባይኖር እኔ እዚህ ምን አለኝ?» ብላኛለች። እኔም እንደሷ ነበርኩ። ኳሱ ባይኖር እስከ ዛሬ ጣት አትሜ የምፈርም ሴት ነበርኩ። ቡድኑ ከታጠፈ የሺ ትሄዳለች። ስለዚህ ልቤን አደነደንኩ፤ የእነሱንም ላደነድን ተነሣሁ።

ሕግ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «ሜዳ ውስጥ ‹እኔን› ያለች ሜዳውን አንድ ጊዜ ትዞራለች።»

በመጀመሪያው ቀን አንዷ አለች። እየሮጠች ሳለ ተደናቀፈች። አራቱ «እኔን!» አሉ። አራቱ ሲሮጡ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሁለቱ ወደቁ። የተቀሩት ሰባቱ «እኔን! እኔን!» አሉ፤ ሁለት ሁለት ዙር ሆነባቸው። ፀሐይዋ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ስትገባ አሥራ ሁለቱም በሩጫ ላይ ነበሩ። እኔ ብቻዬን ኳስ ታቅፌ መሃል ቆሜያለሁ። የግቢው ጥበቃ ብቅ አሉና «ኮች፣ ልጆቹ ምን አደረጉሽ? እኔን ድፍት ያርገኝ!» ሲሉ እሳቸውንም ላሯሩጣቸው ምንም አልቀረኝም።

ዘዴ ቀየርኩ። አንዷ ሆን ብላ ትወድቃለች፣ ሌሎቹ ዝም ብለው ማለፍን ይለማመዳሉ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በአጥሩ ጥግ የሚያልፉ አንዲት ሴት ቆመው አዩን። አንድ ጊዜ አዩ፤ ሁለት ጊዜ አዩ። በሦስተኛው ሸክማቸውን ከጀርባቸው አውርደው በበሩ ገቡና የወደቀችውን ልጅ አነሧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ረጅም! ቆመሽ ታያለሽ?»

«ልምምድ ነው እናቴ።»

«የምን ልምምድ? የጭካኔ?»

መልስ ነበረኝ። ግን ጽፌ እስክሰጣቸው ሸክማቸውን ተሸክመው ሄደዋል።

የሆነው ሆኖ ልጆቹ ለመዱ። መቼም ሰው የማይለምደው የለም። የሺ መጀመሪያ ከንፈሯን እየነከሰች ነበር የምታልፈው፤ ኋላ ኋላ ከንፈሯንም ተወችው። የወደቀችውን ጓደኛዋን እንደ ድንጋይ ዞራት ስታልፍ አየሁ። በደብተሬ «የሺ፦ በጣም ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የዚያን ዕለት ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላው። እትዬ ዓለምነሽም ከነነጠላቸው የፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። እንግዳው ቡድን ያቺ ስድስት ቁጥሯ ያለችበት ነው። ልጆቼ እንደተማሩት ተጫወቱ። ሰው ይወድቃል፤ ያልፋሉ። ተመልካቹ «እኔን!» ይላል፤ እነሱ አይሉም። ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። «እየመራን» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ጽፌው አላውቅም።

ስድስት ቁጥሯ ኳስ እያነጠረች ወደ ቅርጫታችን መጣች። እግሯ ከእግሯ ተጠላለፈና አስፋልቱ ላይ በግንባሯ ተደፋች። ኳሱ ተንከባሎ የሺ እግር ሥር ደረሰ። የሺ አነሣችው። ልጅቱን አየቻት። አልፋት ሄደች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ኳሱን አቅፋ ብትቆም ይበቃታል፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፤ ቡድኑ ሊተርፍ ነው።

በዚህ ጊዜ «እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!» የሚል ጩኸት ሜዳውን ሰነጠቀው። ከተቀያሪዎቹ የትኛዋ ናት ሕግ የጣሰችው ብዬ ልቀጣት ዞርኩ። ወንበሩ ከኋላዬ በጣም ርቋል።

ለካ እኔ ነኝ። ሜዳው መሃል ተንበርክኬያለሁ፤ በሁለቱም ጉልበቶቼ። የልጅቱ ጭንቅላት ክንዴ ላይ ነው፤ በነጠላዬ ጫፍ ግንባሯን እጠርጋለሁ። ደንቡ አሠልጣኝ ያለ ዳኛ ፈቃድ ሜዳ እንዳይገባ ይከለክላል። የአንቀጹን ቁጥር ሳይቀር አውቀዋለሁ። ዳኛው ፊሽካ ነፉ። እያዘኑ ነፉ፤ ግን ነፉ። ቅጣት ምት ተሰጠ። ገባ። እኩል ሆንን።

አሁንስ ጉዴ ወጣ ብዬ ቀና አልኩ። ይህ ሁሉ ሕዝብ ስሮጥ አይቶኛል። እንደ ሚዳቋ ነው የሮጥኩት። ውሸቴ በአደባባይ ሞተች። ይህን ሳስብ እንዲያውም አንድ ዓይነት እፎይታ መጣልኝ። ምን ዋጋ አለው፤ ከፊት ረድፍ እልልታ ተነሣ።

«እጄ ነው! ይኸው እዩልኝ፣ የእኔ እጅ ነው ያዳናት!» እትዬ ዓለምነሽ ናቸው።

ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዳንዶቹ አማተቡ። እኔ የቀበርኳትን ውሸት ሰዎቹ ተአምር ብለው አስነሧት።

እኩል ስለወጣን አምስት ደቂቃ ተጨመረ። ልጆቼ ግን ሕጉ የተሻረ መሰላቸው። ኮች ራሷ አንሥታ የለ! በዚያ አምስት ደቂቃ ያልወደቀ ሰው አልነበረም፤ ሳይነሣ የቀረም አልነበረም። አንድ ጊዜ ዳኛውን ራሳቸውን አነሷቸው። ተሸነፍን። በምን ያህል እንደሆነ ደብተሬ ላይ አለ፤ ገጹን አልገልጠውም።

ሰኞ ደብዳቤው መጣ። ቡድኑ ታጥፏል። እኔ «የተፈወሰው ጉልበትዎ እንዳያገረሽብዎ» በሚል ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛውሬያለሁ። ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው። መጻሕፍት መሃል መቀመጥ የዕድሜ ልክ ምኞቴ ነበር። ምኞትም እንደዚህ ሆኖ ሲመጣ ያስለቅሳል ለካ።

ማክሰኞ ጠዋት የሺ ሻንጣዋን አስራ ወጣች ሲሉኝ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ማነከሱን ረስቼዋለሁ። አማኑኤል የሚሄደው ሚኒባስ ገና አልሞላም፤ ረዳቱ «አማኑኤል! አማኑኤል!» ይላል። እሷ ሻንጣዋን በእጇ እንደያዘች ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል።

«በመሸነፋችን ነው የሺ?»

«አይደለም ኮች።» ድምፅዋ አይሰማም። «ሰው ወድቆ አየሁ። አለፍኩ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ነው የተሰማኝ።»

ምን ልበል? ደብተሬን እንኳ አልያዝኩም። ይህን ጊዜ እሷ፣ ያ አስተዳደጓ አልለቃት ብሎ፣ ስለ እኔ ጠየቀች።

«ለመሆኑ ጉልበትዎ በደንብ ዳነልዎ? የትኛው ነበር ግን?»

ቀኜን ልዳብስ እጄ ወረደ። ግራውንም አሰበ። ሰማዩን ለማየት ቀና አልኩ፤ ሰማዩ በደመና ተዘግቷል።

«የትኛውም» አልኳት።

«እንዴት?»

«የትኛውም አልታመመም። ታምሞም አያውቅም።»

ደንግጣ አየችኝ። «እኛ እኮ ፋሻው ሲቀያየር እያየን ሁለቱንም የሚያምዎት መስሎን ነበር። እንዳናዝን ብለው አንዱን ይደብቁናል ብለን ስንት ቀን አለቀስን።»

ከዚያ ነገርኳት። እናቴ የማታውቀውን፣ እትዬ ዓለምነሽ የማያውቁትን፣ በመናኸሪያ ጩኸት መሃል ነገርኳት። ክለቤ የመጨረሻውን ጨዋታ በአንድ ነጥብ እየመራ፣ ኳሱ በእኔ እጅ ሳለ፣ የባላጋራ ተጫዋች ከፊቴ ተደፋች። «እኔን» ብዬ አነሣኋት። ከኋላዬ ኳሱን ወስደው አገቡ። አሠልጣኛችን በሁሉም ፊት «ይቺ ለጽዋ ማኅበር እንጂ ለቡድን አትሆንም» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። በማግስቱ ስሜ ከዝርዝሩ ወጣ። እኔም ያን ጊዜ ገና ማንበብ እየተማርኩ ስለነበር፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ።

«እና እናንተን እንዳያባርሯችሁ ብዬ ነው» አልኳት። «ክፉ ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው።»

ሚኒባሱ ሞልቶ አንድ ወንበር ብቻ ቀረው። ረዳቱ «እህቴ፣ ትገቢያለሽ?» አላት። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎ ኳሱን የት አደረጉት?» አለችኝ።

«መሬት ላይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሻንጣዋን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«እኔን» አለች።